ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የምጽዋ በር

ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ሲነግሡ የአገራችን የንግድ በር ምጽዋ በግብፅ እጅ ነበረች። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ድል ቢያደርጉም ወደቧ አልተመለሰችም። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በተፈረመው ውል መሠረት፣ መሣሪያ ጭምር ማናቸውም ዕቃ በእንግሊዝ ጥበቃ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ተወሰነ። ንጉሠ ነገሥቱም በፋንታው በሱዳን ወሰን የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች ለማስወጣት ረዱ። ከግብፅ ጋር ክርክር ቢነሣ ዳኛዋ እንግሊዝ ነበረች። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ኢጣልያ በዚችው ዳኛ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች። አቤት የሚባልበት ሌላ ደጅ አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲዋጉ ቆስለው ዐረፉ። እኛ ከሕይወታቸው የምንማረው፣ የውል ጥቅሙ በፊርማው ሳይሆን በዳኛው ገለልተኛነት መሆኑን ነው።