ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፦ መልካቸውም ድምፃቸውም የተረፈላቸው የምንጃር ሰው

የዐፄ ምኒልክ ቅድመ አያት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫቸው ባደረጓት በሰላ ድንጋይ፣ መሰንቆ የሚጫወት ሰው ሲገኝ ዛሬ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ቀላል ነው። በፎቶው ላይ ደጋኑ ከጭራው እንዳረፈ ይታያል፤ ዜማው ግን አይሰማም። መልክና ድምፅ አብረው ሲቆዩ ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ የተገኙት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሕይወት ያስረዳል።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በምንጃር ተወልደው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ። ሰምና ወርቅ ባለው ግጥማቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው ታወቁ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ በቤተ መንግሥት የታወቀ ጥበብ ሆኖ ነበር፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የንጉሠ ነገሥቱን ምስል ያነሡ ነበር። 

በ1900 ዓ.ም. መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ገባ። ተሰማም የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። ለሞተር የሄዱት ሰው በርሊን ሳሉ ከመሰንቆ ጋር ያዜሟቸው ዘፈኖች በሸክላ ተቀረጹ። በዚህም ሙዚቃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነው ይጠቀሳሉ።

ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰው ሆኑ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የእርሳቸውም ዕድል አብሮ ተለወጠ። ሥልጣን ሲያልፍ ቅኔያቸው ግን ከሰው አፍ አልጠፋም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለ15 ዓመታት የመሩት ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማም የአባታቸውን ግጥሞች ሰብስበዋል።

ነጋድራስ ተሰማ በ1950ዎቹ አጋማሽ አረፉ። ዛሬ ፎቶግራፋቸውን የሚያይ ሰው ቁመናቸውን ያውቃል፤ ሸክላቸውን የሚሰማ ደግሞ ግጥሙን ከነአወራረዱ፣ ድምፃቸውን ከነቃናው ያገኛል። በየቀበሌው ያሉ አረጋውያን የመሰንቆና የበገና ሰዎች ግን ከነዜማቸው እያለፉ ነው። በሰርጉም በገበያውም ፎቶ የምናነሳበት ስልክ ድምፅም ይቀዳል። ተጫዋቹን አስፈቅዶ፣ ስሙንና አገሩን መዝግቦ፣ ከመልኩ ጋር ዜማውንም ማስቀረት በርሊን ድረስ መሄድን አይጠይቅም።