አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ወዳጃቸው

ለዚህች የኢዮቤልዩ መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፍ ስባል፣ ነገሥታቱንና የጦር ጀግኖቹን ትቼ እንደኛው በሰው አገር የኖሩ አንድ መነኩሴ መረጥኩ።

አባ ጎርጎርዮስ በአማራ ምድር የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ናቸው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ካቶሊክ እምነት ከገቡት ወገን ነበሩ። አፄ ፋሲለደስ በ1632 ነግሠው (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ከአገር ሲያስወጡ የእርሳቸውም ዕጣ ስደት ሆነ። የሚሲዮናውያኑ አለቃ ፓትርያርክ ሜንዴዝ በቱርኮች እጅ ወድቆ፣ በገንዘብ እስኪቤዥ ድረስ የታሰረው እዚሁ ሱዳን፣ ሱዋኪን ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ሕንድ አገር ጎዋ ደርሰው፣ ከዓመታት በኋላ ሮም ገቡ።

ሮም ውስጥ፣ ቫቲካን አጠገብ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል የሐበሾች ማረፊያ ነበር። በ1649 አንድ የ25 ዓመት ገደማ ወጣት ወደዚያ መጣ። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ፣ የኤርፉርት ከተማ ሰው ነው። ግእዝን ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ ስለተማረ፣ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሐበሾቹ ሳቁበት። ያነበበውን ሲተረጉም ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። (ቱነይድባ ሱቅ በከፈትኩ ሰሞን የእኔም ዓረብኛ ስንቱን ደንበኛ አስቋል። ቀድመው ሻይ የጋበዙኝም እነዚያው የሳቁት ናቸው።)

በአውሮፓ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት 30 ዓመት የተላለቁበት ጦርነት ያበቃው ገና በ1648 ነበር። ሉዶልፍ የሉተር ተከታይ፣ አባ ጎርጎርዮስ ካቶሊክ፤ በዚያ ላይ በዕድሜ እጅግ ይበልጡታል። ቢሸሻሹ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እነርሱ ግን አጥብቀው ተወዳጁ። ሁለቱም ደህና አድርገው የሚያውቁት ቋንቋ ግእዝ ብቻ ስለነበር በግእዝ ማውራት ጀመሩ። እኛ ከቅዳሴና ከመጽሐፍ በቀር የማናውቀው ግእዝ የሁለት ወዳጆች መጨዋወቻ ሆነ! አማርኛንም አባ ራሳቸው አስተማሩት። ከተለያዩ በኋላ የተጻጻፉትም በግእዝ ነው።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ ጀርመን አስጠራቸው። በፍሪደንስታይን ቤተ መንግሥት በእንግድነት ሰንብተው ስለ አገራችን መሬት፣ ስለ አስተዳደሩ፣ ስለ ምግቡና ስለ እንስሳቱ ሲጠየቁ አስተርጓሚያቸው ሉዶልፍ ነበር።

ከዚያ ወደ ጣልያን ተመለሱ። ልባቸው ግን አገራቸው ነበር። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ሲጓዙ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ በሚገኘው የእስክንድሩን ወደብ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ።

ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ሲያሳትም፣ ከአባ የሰማውን ስማቸውን እየጠራ ጻፈ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አወጣ። አስተማሪው ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። እርሱም በ1704 እዚያው ፍራንክፈርት ሲሞት፣ ዕድሜ ልኩን የጻፈላትን ኢትዮጵያን አንድ ቀን እንኳ አልረገጣትም።