እቴጌ መነን አስፋው፤ እናት፣ ተሳላሚና ስደተኛ

በቅርስ ትምህርታችን ታሪኩ ከዴር ሡልጣንና ከኢየሩሳሌም ጋር የተሳሰረ አንድ ሰው መርጠን የሕይወት ታሪኩን እንድንጽፍ ተሰጥቶን ነበር። እኛ የመረጥነው እቴጌ መነን አስፋውን ነው።

በኢትዮጵያ ጎዳና የሚያልፍ ሰው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲያይ አፄ ዮሐንስ 4ኛንና ዳግማዊ አፄ ምኒልክን ያስታውሳል። በነቢያት ጎዳና ያለውን የአንበሳ ምስል ያለበትን ሕንፃ ሲያይ ደግሞ ንግሥት ዘውዲቱን ያስታውሳል። የእቴጌ መነን ሥራ ግን ከከተማው ርቆ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ስለሆነ ብዙ ወጣት እርሳቸውን የሚያውቃቸው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እንደ ነበሩ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የፈለግነው እቴጌይቱ ከዘውዱ ሌላ የራሳቸው ሥራ እንደ ነበራቸው ነው።

እቴጌ መነን በወሎ በአምባሰል በ1883 ዓ.ም. ግድም ተወለዱ። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው የአምባሰል ባላባት፣ እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩ። በቤታቸው ንባብና ጽሕፈት ተማሩ። ነገር ግን በዚያ ዘመን በነበረው ልማድ ገና ልጅ ሳሉ ተዳሩ፤ ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር በ1903 ዓ.ም. ከመጋባታቸው በፊትም ልጆች ወልደው ነበር። ከደጃዝማች ተፈሪ ጋር ደግሞ ስድስት ልጆች አፈሩ፤ እነርሱም ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኰንንና ሣህለ ሥላሴ ናቸው።

የቤተሰብ ፍቅር የቱን ያህል እንደሚፈትን በወጣትነታቸው አይተዋል። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት በአንድ ወገን የባላቸው ሠራዊት፣ በሌላ ወገን የአያታቸው የንጉሥ ሚካኤል ሠራዊት ተሰልፎ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ፤ አስቀድመው አልጋ ወራሽ የተባሉት የወይዘሮ መነን ባልም ሥልጣናቸው ጸና። ማን አሸነፈ ብሎ መጻፍ ለታሪክ ጸሐፊ ቀላል ነው። የሕፃን ልጅ እናት ለነበሩት ለወይዘሮ መነን ግን ያ ቀን የደስታም የኀዘንም ቀን እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ጫኑ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጃገረዶች እዚያው እያደሩ ይማሩ ነበር። እቴጌይቱ ትምህርት ቤቱን ደጋግመው ይጎበኙ፣ በምረቃው በዓልም ይገኙ ነበር። በልጅነቷ የተዳረች ሴት አድጋ ለሴት ልጆች የትምህርት በር መክፈቷ ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ትልቅ ትርጉም ያለው ሥራ ሆኖ ታይቶናል። ከአብዮቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ ለብዙ ዓመታት የካቲት 12 እየተባለ ሲጠራ ቢቆይም ማስተማሩን አላቋረጠም።

እ.ኤ.አ. በ1933 እቴጌይቱ ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው ቅዱሳት መካናትን ተሳለሙ። በዮርዳኖስ ወንዝ ዳርም ጌታችን በተጠመቀበት አካባቢ የቅድስት ሥላሴን ገዳም አሠሩ። በአገር ቤትም በመርካቶ የራጉኤልን፣ በእንጦጦ የኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን በማሠራት ይታወቃሉ።

በ1927 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። እቴጌ መነን የበላይ ጠባቂ፣ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የመኳንንት ሚስቶችና ተራ ሴቶች ተሰብስበው ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ ያዘጋጁ፣ ለዘማች ልብስ ይሰፉ፣ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል ጭምብል ይሠሩ ነበር። ዛሬ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የምንለው ይህንኑ ነው፤ ደመወዝ አልነበረውም፤ ሰው የሚሰጠው ጊዜውንና የእጁን ሥራ ነበር።

ጦርነቱ በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። ከጥቂት ዓመት በፊት ስጦታ ይዘው የመጡት እቴጌ አሁን አገር የሌላቸው ስደተኛ ሆነው ገቡ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በኢየሩሳሌም በገዳማቱ ዙሪያ ተጠልለው ይኖሩ ነበር። የቀደሙት ነገሥታትና ምእመናን ለገዳማቱ ብለው ያሠሯቸው ቤቶች፣ የዴር ሡልጣን መነኮሳትም ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በትንንሽ ጎጆዎቻቸው በጸሎት ጠብቀው ያቆዩት ቦታ፣ ለስደተኛው እንደ አገሩ ደጃፍ ሆኖለት ነበር።

ቤተሰቡ በኋላ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጠ። እቴጌይቱ የእንግሊዝ ብርድ ለጤናቸው ስላልተስማማ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሱበት ጊዜ ነበር። በዚህ በስደት ዘመን በቤተ ልሔም በልደት ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን ስእለት ተሳሉ። ስእለቱም ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች የነገሡበትን ዘውድ ለቤተ ክርስቲያኑ ለመስጠት ነበር።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ወጣች። እቴጌ መነን ስእለታቸውን አልረሱም፤ ዘውዱን ወደ ቤተ ልሔም ላኩ። ለወደፊት እቴጌዎች የሚሆን አምሳያ ቢሠራም እርሳቸው ከዚያ በኋላ ሙሉ ዘውድ አልጫኑም። አንዳንድ ሰው ባለጸጋ ስለ ነበሩ መስጠት አይከብዳቸውም ሊል ይችላል። ይህ በገንዘቡ በኩል እውነት ሊሆን ይችላል። ዘውድ ግን ትርፍ ገንዘብ አይደለም። በጭንቅ ጊዜ የተሳሉትን በደስታ ጊዜ መክፈል ለባለጸጋም ለድኻም እኩል ከባድ ነው።

የቀሩት ዓመታት በኀዘን የተሞሉ ነበሩ። ልዕልት ዘነበወርቅ ከጦርነቱ በፊት በ1926 ዓ.ም. አርፈው ነበር። የልዕልት ተናኘወርቅ ባለቤት ራስ ደስታ ዳምጠው በ1929 ዓ.ም. በጣልያኖች ተገደሉ። በለንደን ነርስነት ተምረው የተመለሱት ልዕልት ፀሐይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት ዐረፉ፤ በኋላ በስማቸው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ። ልዑል መኰንን በግንቦት 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። እቴጌይቱ ይህን ሁሉ ተሸክመው የቀይ መስቀል ማኅበርና የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎችን ጉዞ የሚያሰናዳው ማኅበር የበላይ ጠባቂ በመሆን አገለገሉ፤ ድኾችንና ሕሙማንንም ይረዱ ነበር።

እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅምም በ1993 ዓ.ም. በዚያው ካቴድራል ዐርፏል።

የዮርዳኖሱ ገዳምም የራሱን ስደት አይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጦርነት በኋላ አካባቢው በፈንጂ ታጥሮ ለብዙ ዓመታት ተዘጋ። ፈንጂውን የማጽዳት ሥራ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ምእመናን ለጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ ሲወርዱ ገዳሙን ያሠሩትን እናት በስማቸው እንዲያስታውሷቸው እንመኛለን።

ከዚህ ታሪክ የተማርነው ለቤተሰብ መኖርና ለሕዝብ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች አለመሆናቸውን ነው። እቴጌ መነን ልጆቻቸውን በማገልገል አሳደጉ፤ ልጃቸው ፀሐይም ከእናቷ ጎን ቁማ ፋሻ ማዘጋጀት ጀምራ ነርስ ሆነች። እናንተም ወላጆቻችን ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለዕድሩና ለቤተ ጸሎቱ ስትደክሙ ልጆቻችሁ እናያለን። ያየነውንም እንድንቀጥል እግዚአብሔር ይርዳን።