ሃምፍሪ ዴቪና የንጥረ ነገሮች ስም

በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ፥ ኬሚስትሪን በእንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ ፖታሲየምና ክሎሪን የሚሉትን ስሞች ፍቺያቸውን ሳይጠይቅ በቃሉ ያጠናል። ስሞቹ ግን ያለ ምክንያት የወጡ አይደሉም። ሁለቱንም ያወጣቸው ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ ጠቢብ ሃምፍሪ ዴቪ ነው።

ዴቪ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1778 ዓ.ም. ፔንዛንስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። እንጨት በመቅረጽ ይተዳደር የነበረው አባቱ በ1794 ዓ.ም. ዕዳ ትቶ ስለ ሞተ፥ ልጁ በሚከተለው ዓመት ከአንድ ሐኪም ዘንድ ሙያ ለመልመድ ገባ። ኬሚስትሪንም የፈረንሳዊውን የላቮዋዝዬን መጽሐፍ ራሱ እያነበበ ተማረ። ላቮዋዝዬ በአሲድ ሁሉ ውስጥ አንድ አየር ያለ መስሎት፥ ያን አየር በግሪክኛ አሲድ ወላጅ ሲል ኦክሲጅን ብሎት ነበር።

ዴቪ በ1801 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ተጠርቶ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ማስተማር ጀመረ። በ1807 ዓ.ም. በኮስቲክ ፖታሽ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢያሳልፍ፥ ብር የሚመስሉ ጥቃቅን እንክብሎች ወጡ። ፖታሽ ጥንት የእንጨት አመድ በውሃ ተዘፍዝፎ፥ ውሃውም በድስት ተፍልቶ ሲያልቅ የሚቀር ጨው ነበር፤ ስሙም ድስትና አመድ ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ነው። ዴቪም አዲሱን ንጥረ ነገር ፖታሲየም አለው። ምልክቱ ኬ የሆነው ግን ካሊየም ከሚለው ሌላ ስሙ ነው፤ ይህም የዕፅዋትን አመድ ከሚያመለክት የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ስሞች ከምድጃ አመድ የተነሡ ናቸው።

በ1774 ዓ.ም. ስዊድናዊው ሼሌ ያገኘውን አረንጓዴ ቢጫ አየር፥ የላቮዋዝዬ ተከታዮች ኦክሲጅን ያለበት ነው ይሉ ነበር። ዴቪ ደጋግሞ ቢፈትነው ኦክሲጅን አላገኘበትም። ስለዚህ በ1810 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አስታውቆ፥ ቀለሙን በሚገልጽ የግሪክኛ ቃል ክሎሪን ብሎ ሰየመው። ግምት ሊፈርስ ይችላል፤ በዓይን የታየ ቀለም ግን አይሻርም። ከክሎሪንና ከሃይድሮጅን የሚሠራው አሲድ ኦክሲጅን የሌለበት መሆኑም ስለ ታወቀ፥ የኦክሲጅን ስም ስሕተት ተገለጠ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ዴቪ በ1829 ዓ.ም. በጄኔቫ ከተማ በ50 ዓመቱ ሞተ። የእርሱን ሥራ የሚያስተምር መምህር ስምን ከፍቺው ጋራ፥ እውነቱንም ከስሕተቱ ለይቶ ቢያስረዳ፥ ተማሪው ቃል ብቻ ሳይሆን የምርምርን መንገድ ይዞ ይወጣል።