ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ፦ ሙግት የኖሩ፣ ሙግት የተነፈጉ

ፒያሳ ሀገር ፍቅር ቴአትር በር ላይ ስንቴ ተቀጣጥራችኋል? የሀገር ፍቅር ማኅበርን በ1927 ዓ.ም. የመሠረቱት መኰንን ሀብተወልድ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው አክሊሉ ደግሞ ፓሪስ ሕግ የተማሩ የካህን ልጅ ነበሩ። ፈረንሳዊቷን ኮሌትን አገቡ።

ጣሊያን ሲወረን አክሊሉ በፓሪስ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ተሟገቱ። ከጦርነቱ በኋላ ትልቁ ሙግታቸው ኤርትራ ሆነ። በተባበሩት መንግሥታት ዓመታት ከተከራከሩ በኋላ ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ጸና። በ1955 ሲፈርስ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ፤ ይሄ ነገር ዛሬም ያነታርካል፣ ቢያነታርክም አይገርምም።

ቤተሰቡን ያየ ግን ያዝናል። መኰንን በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ገነተ ልዑል ውስጥ ተገደሉ፤ ግቢው የዛሬው የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወራት ሳይቆዩ አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ እስከ የካቲት 1966 ድረስም ቆዩ። ከዚያ እስር መጣ። እስር ቤት ሆነው የጻፉት ማስታወሻ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ ደርግ 60 ሰው ሲረሽን አክሊሉም፣ የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩት ወንድማቸው አካለወርቅም አብረው ነበሩ። ዕድሜ ልኩን ሲከራከር የኖረ የሕግ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ችሎት ፊት ሳይቆም! ደርግ ከወደቀ በኋላ አፅማቸው አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ አረፈ። ከሀገር ፍቅር በእግር ይደረሳል።