ከጠራጊነት እስከ አውሮፕላን ሠሪነት

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሰርጌ ኢሊዩሺን ነው። የመረጥኩት እሱም እንደኔ የገበሬ ልጅ ስለሆነ ነው።

ኢሊዩሺን በ1894 ሩሲያ ውስጥ ቮሎግዳ በሚባል አገር ገጠር ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ቤተሰቡ ደሃ ነበር፣ እሱ ደግሞ የመጨረሻ ልጅ ነው። ገና በልጅነቱ ሥራ ፍለጋ ከቤት ወጥቶ ቦይ ቆፈረ፣ ፋብሪካ ውስጥም የጉልበት ሥራ ሠራ። በ1910 ፒተርስበርግ ከተማ የአውሮፕላን ትርኢት ሊደረግ ሲል የፈረስ መወዳደሪያውን ሜዳ ለመደልደል ተቀጠረ። አውሮፕላን በቅርብ ያየው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላማረውም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆነ፣ ያውም ተራ ወታደር። ማንበብና መጻፍ ስለሚችል ጸሐፊ አደረጉት፤ እሱ ግን ወደ አውሮፕላን ክፍል ለመዛወር ጠየቀ። እዚያም መጀመሪያ የአውሮፕላን ማቆሚያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ የመካኒክ ረዳት፣ ከዚያ መካኒክ ሆነ። በ1917 ተፈትኖ አብራሪ ሆነ። እኛ የክፍል ጠረጋ ተራ ሲደርሰን እንደበቃለን እኮ! በ1926 ደግሞ ተምሮ በ32 ዓመቱ ኢንጂነር ሆኖ ተመረቀ።

በጣም የታወቀው ሥራው ኢል-2 የሚባለው የጦር አውሮፕላን ነው። ሌሎች ብረት መከላከያውን በአውሮፕላኑ ላይ ይጨምሩታል፤ እሱ ግን ብረቱን ራሱን የአውሮፕላኑ አካል አደረገው። ሞተሩም አብራሪውም ብረቱ ውስጥ ናቸው። ጣጣው የመጣው በወንበር ነው። ኢሊዩሺን ከአብራሪው ኋላ መትረየስ የሚተኩስ ሰው እንዲቀመጥ አስቦ ነበር፣ አዛዦቹ ግን ባለ አንድ ወንበር ይሁን አሉ። በ1941 ጀርመን ሩሲያን ሲወር የጠላት አውሮፕላኖች ከኋላ እየመጡ ብዙ አብራሪ ገደሉ። በ1942 ሁለተኛው ወንበር ተመለሰ። ግን የኋለኛው ሰው እንደ አብራሪው በብረት አልተከለለም ነበርና እነሱም ብዙ ሞቱ። ይሄ እኔን በጣም አሳዝኖኛል። ኢል-2 ከ36,000 በላይ ተሠርቷል።

ኢሊዩሺን ራሱም በ1938 እያበረረ ሳለ ሞተሩ ጠፍቶበት ወድቆ ተርፏል፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ቀርቶበታል። ከጦርነቱ በኋላ እንደ ኢል-18 ያሉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሠራ። በ1977 በ82 ዓመቱ ሞተ።

ከጽሑፉ ሥር ያለውን ኢል-2 የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ክንፉ ትንሽ ተጣሞብኛል፣ ይቅርታ።