የድሬዳዋው ነጋድራስና የመንግሥት ካዝና

ኢኮኖሚክስ ስማር ከአዳም ስሚዝ እስከ ኬንስ ብዙ የውጭ ስም ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚቀርበው እዚሁ ድሬዳዋ የሠራ ሰው ነው፤ ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ። ስሙ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልማት ሲወራ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው በሌላ ጉዳይ ነው፦ የመንግሥት ሒሳብ የማን ነው? ማንስ ሊያየው ይገባል?

ገብረሕይወት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ሻለቃ ባይከዳኝ መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ዘምተው ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበር። ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ትንሽ ተማረ። ከዚያ በልጅነቱ መርከብ ላይ ተሳፍሮ ጠፋ። ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደገው፣ በርሊን ሄዶም ሕክምና አጠና። አገሩ ሲመለስ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ሠራ። ንጉሡ ታመው ሽኩቻው ሲበረታ ግን አገር ለቆ ሱዳን ገባ።

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለ ጽሑፉ በ1912 እ.ኤ.አ. አስመራ ታተመ። እዚያ ላይ ለመጪው ንጉሥ ምክሩን ይዘረዝራል። የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፤ ግብር ልኩ ታውቆ በገንዘብ ይከፈል፤ ሕግ ተጽፎ ሁሉም እኩል ይዳኝበት ይላል። ዛሬ ስናነበው ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ቀላል አልነበረም። ካዝናው አንድ ከሆነ ከሕዝብ የተሰበሰበውና ለግል የወጣው አይለይም። ያልተለየን ነገር ደግሞ ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም። ተጠያቂነት ስንል መነሻው ይኸው ነው።

በልጅ ኢያሱ ዘመን መጀመሪያ የባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። ነጋድራስ ማለት የንግድና የጉምሩክ አለቃ ነው። ከጅቡቲ በባቡር የሚገባውና ወደ ጅቡቲ የሚወጣው ዕቃ እዚህ ያልፍ ስለነበር ሹመቱ ትልቅ ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፉን ስታነቡ ይህ ልምድ ይታያችኋል፤ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ኬላ፣ ወደ አገር ስለሚገባውና ስለሚወጣው ዕቃ የሚከራከረው ቁጥር ይዞ ነው።

ዕድሜው ግን አጭር ነበር። በ1911 ዓ.ም. 33 ዓመት ሳይሞላው አረፈ። መጽሐፉም የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ገብረሕይወት ሕዝቡ መዝገብ ያገላብጥ አላለም። የመከረው ንጉሡን ነው። የሚገርመው ግን ልጅ ሆኖ ያስተማሩት ሚሲዮናውያን አገር፣ ስዊድን፣ ዜጋ የመንግሥትን ሰነድ እንዲያይ በሕግ የፈቀደችው በ1766 እ.ኤ.አ. ነበር። በዓለም የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ሕንድ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ጠያቂው ለምን እንደፈለገው ሳይናገር ሰነድ መጠየቅ ይችላል፤ የገጠር ሰው ሳይቀር ስለ ራሽኑና ስለ መንገዱ ይጠይቅበታል።

እኛስ? ሕጉ አለን እኮ! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አለ፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። መሥሪያ ቤት ለጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እምቢ ካለ ለኃላፊው፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ካስፈለገም ለፍርድ ቤት አቤት ይባላል። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲመጣም ይህ ክፍል አልተሻረም።

ለድሬዳዋ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ወንዙ ዳር ለሚኖር ሰው መረጃ ማለት ሕይወት ነው። የመከላከያ ግንቡ ስንት ወጣበት? ማን መረመረው? መቼ ይጠገናል? ወንዙ ውስጥ ቤት እንዲሠራ ማን ፈቀደ? ደጋ ላይ ሲዘንብ ማን ይነግረናል? እነዚህ የፖለቲካ ጥያቄዎች አይደሉም፤ የሒሳብና የመዝገብ ጥያቄዎች ናቸው።

ገብረሕይወት ካዝናው ይለይ አለ። በወረቀት ደረጃ ከተለየ ቆይቷል፤ በጀት ይጸድቃል፣ ኦዲተርም አለ። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «በጀቱን በሉት» ከማለት፣ አንድ ገጽ ጥያቄ ጽፎ፣ ቀን አስይዞ፣ ቅጂውን በእጅ ማስቀረት ይሻላል። ከዚያ 30 ቀን መቁጠር ነው።